ወደ ሁሩታ፤ የጦር ትምህርት ቤት ባልንጀሮችና የስም ደብተራቸው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አርሲ የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ አዳማ ይደርሳል። አዳማ ለብዙ ዘመን ናዝሬት ስትባል የኖረች፥ ዛሬም በሽማግሎች አፍ በሁለቱም ስም የምትጠራ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ በመልካሳ ላይ የአዋሽን ወንዝ ሲሻገር አገሩ ገና ቆላ ነው፤ ግራርና እሾህ፥ አቧራና ሙቀት ነው። ነገር ግን ድልድዩን ተሻግሮ ዴራን ካለፈ በኋላ መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ነፋሱም ይለወጣል። ኢተያ በደረሰ ጊዜ በመኪናው ውስጥ ጋቢውን የማይፈልግ ሽማግሌ የለም። ከኢተያ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ እንደ ሆነ ብዙም ሳይቆይ የሎዴ ሔጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሁሩታ ይገባል።

ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፥ በእህል የተከበበች ከተማ ናት። በስተ ደቡብ በኩል የጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደ ሻሽ ጠምጥሞ ይታያል፤ በስተ ሰሜን ደግሞ ምድሩ እየዘቀጠ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። እኛ የሄድነው በጥር ወር፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስለ ነበረ የስንዴው አጨዳ አብቅቶ የገለባው ክምር በየደጁ ቆሞ አገኘነው። አንድ ቀን ሙሉ በሬ ያበራይበት የነበረውን አውድማ ዛሬ ኮምባይነር በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። የአርሲ ገበሬ ከትራክተርና ከማዳበሪያ ጋራ የተዋወቀው ይልቁንም ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ፥ የስዊድን መንግሥት በረዳው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አማካይነት ነው። ስዊድኖች ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በፊት ደግሞ ለኢትዮጵያ ሌላ ነገር አስተምረው ነበር፤ እርሱን ከዚህ በታች እንናገራለን።

የመንገዳችን ምክንያት ይህ ነው። አጎታችን በሐረር የጦር አካዳሚ የተማሩ፥ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ጡረተኛ መኮንን ናቸው። የአንድ ኮርስ ባልንጀሮቻቸው በየዓመቱ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ በዚህ ዓመት ተራው የደረሰው ሁሩታ ተወልዶ፥ ብዙ አገር ዞሮ፥ በመጨረሻ ሁሩታ ያረፈ የአንድ ሻለቃ ቤት ነበር። ሻለቃው ካረፉ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ባለቤታቸው ግን «ተራው የእርሱ ከሆነ ቤቱ አልተዘጋም» ብለው ስለ ላኩ ሽማግሎቹ ለመሄድ ቈረጡ። እኛንም አጎታችን የጠሩን በችሎት ጸሐፊነት ስለምንሠራና በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቁም ጽሕፈት ስለ ተማርን ነው። በሞት የተለዩትን የኮርሱን ልጆች ስም በወፍራም ወረቀት ላይ በደኅና ጽሕፈት እንድንጽፍላቸው ፈለጉ።

አንባቢዎቻችን የጦር ትምህርት ቤት ባልንጀርነት ምን እንደ ሆነ በደንብ ያስተውሉ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ማንሣት ይገባል። በአገራችን በዘመናዊ ሥርዓት መኮንን ለማሠልጠን የታሰበ ትምህርት ቤት የተከፈተው በጥር ወር 1927 ዓ.ም. ሆለታ ገነት፥ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አስተማሪዎቹ ካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩአቸው የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹም ከተፈሪ መኰንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ ከሌሎችም የተመረጡ፥ የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነት ደረሰባቸው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን የጠላት መኪና ለማዘግየት ወደ ጣርማ በር ወጡ፤ አዲስ አበባም ከተያዘ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ነቀምት ሄደው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሰብሳቢ የእንስሳት ሐኪሙ ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ፤ 10 አንቀጽ ያለው ደንብም ጻፉ። በደንቡ ውስጥ ገበሬ እንዳይበደል፥ ምርኮኛም በሰብአዊነት እንዲያዝ የሚያዝ ቃል ነበረበት። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በነቀምት አጠገብ ቦናያ በተባለው ሜዳ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማልዮኮን ከነተከታዮቹ የገደሉ እነዚህ ናቸው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግን በጠላት እጅ ከገቡት ብዙዎቹ ተረሸኑ። ጺም ያልበቀለላቸው ልጆች በአንድ መኝታ ቤት ተኝተው የተማማሉትን ለመፈጸም የነበራቸው ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር።

የሐረሩ አካዳሚ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ፤ አስተማሪዎቹ የሕንድ መኮንኖች ነበሩ፤ የመጀመሪያው አዛዥም ብርጋዴር ራውሊ ናቸው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበር። ከሰልፍና ከተኩስ ጋራ ሒሳብ፥ ታሪክ፥ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ይማሩ ነበር፤ በገበታ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ሳይቀር ይማሩ እንደ ነበረ አጎታችን ነግረውናል። (አጎታችን ዛሬም እንጀራ ሲበሉ ክርናቸውን ገበታው ላይ አያሳርፉም፤ ልጆቻቸው ይስቁባቸዋል።) የኦጋዴን ጦርነት በተነሣበት ዘመን ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች የሚቈጠሩት በኮርስ ነው፤ የሐረር ምሩቃን ሁለት ሆነው ሳይተዋወቁ ቢገናኙ፥ አንዱ ሌላውን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ኮርስ ነህ?» ብሎ ነው።

እንግዲህ በሁሩታ ወደ ነበረው ነገር እንመለስ። አምስት ሽማግሎች መጡ፤ አንዱ ከአዳማ፥ አንዱ ከቢሾፍቱ፥ ሁለቱ ከአዲስ አበባ ከእኛ ጋራ፥ አምስተኛው ልጁ በምትኖርበት በባሕር ማዶ ከርሞ ለዚህ ብሎ የመጣ ነበር። የቤቱ እመቤት በአርሲ ሥርዓት ተቀበሉን። በቅቤ የተጠበሰውን ቡና ቀላ አቀረቡ፤ ከተቈላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተሠራውን ጭኮ በቆሪ አድርገው አመጡ። የጎረቤት አረጋዊም በኦሮምኛ መርቀው አስቀመጡን። ሽማግሎቹ ከበሉ በኋላ ወዲያው ወደ ጨዋታ ገቡ፤ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው በሐረር የወጣለትን የቅጽል ስም ሰምቶ ሲቈጣ ያየነው ያን ቀን ነው።

ሟቹ ሻለቃ ለባልንጀሮቻቸው ትተውት የሄዱት ነገር አንድ ደብተር ነው። በጥቁር ቆዳ የተለበደ፥ ጠርዙ ያለቀ፥ በሁሩታ ገበያ ከሚገኝ ደብተር የማይለይ ነው። ሻለቃው በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የቀድሞው ሠራዊት በፈረሰ ጊዜ ማዕርጋቸውንም ደመወዛቸውንም አጥተው ወደ ተወለዱበት አገር ተመለሱ፤ ስንዴ እየዘሩ፥ ማታ ማታ ደግሞ ለባልንጀሮቻቸው ደብዳቤ እየጻፉ ኖሩ። በዚያ ወራት መኮንኖቹ ተበትነው ነበር፤ ግማሹ በእስር ቤት፥ ግማሹ በስደት፥ ግማሹም በዘመድ ቤት ነበረ። ሻለቃው ግን እያንዳንዱ የት እንዳለ፥ ሚስቱ ማን እንደ ሆነች፥ ስንት ልጅ እንዳለው፥ የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ በደብተሩ ላይ ይጽፉ ነበር። ስልክ በሌለበት ዘመን ከኢተያ ለሚያልፍ ሾፌር ደብዳቤ ይሰጣሉ፤ ስልክ ከገባ በኋላ ደግሞ ቍጥሩን ይመዘግባሉ። ባል የሞተባት የአንዱ መኮንን ሚስት የቤት ኪራይ ያቃታት እንደ ሆነ በደብተሩ ያሉት ሁሉ በየአቅማቸው ያዋጣሉ። ያቋረጠውም ልጅ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዛሬ ሐኪም ሆኗል፤ ያን ቀንም የሽማግሎቹን የደም ግፊት እየዞረ ሲለካ አይተነዋል።

በእውነቱ ይህን ሥራ የሠራው መንግሥት አይደለም፤ ጽሕፈት ቤትም አልነበረውም። እኛ በችሎት ብዙ መዝገብ እንጠብቃለን፤ ቍጥሩና ቀኑ ትክክል የሆነ፥ ማኅተም ያረፈበት መዝገብ ነው። ነገር ግን የባለጉዳዩ ልጅ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ የሚል ዓምድ በአንዱም ላይ አላየንም።

ጭቅጭቁ የተነሣው ከቡናው በኋላ ነው። እኛ ወረቀቱን ዘርግተን፥ ቀለሙን ከፍተን፥ ዓምድ አሰመርን፤ ስም፥ የትውልድ አገር፥ ያረፈበት ስፍራ፥ ያረፈበት ዓመት፥ ያረፈበት ምክንያት ብለን አምስት አደረግነው። የመጀመሪያዎቹን ስሞች ማንም አልተቃወመም። በኦጋዴን የወደቁት፥ በሰሜን የወደቁት፥ በበሽታ ያረፉት ያለ ክርክር ተጠሩ። ከዚያ አጎታችን ሁለት ስም አከታትለው ባነበቡ ጊዜ ከአዳማ የመጡት ኮሎኔል እጃቸውን አንሥተው «ቁም!» አሉ።

የሆነው ነገር ይህ ነው። በግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ከፍተኛ የጦር መኮንኖች የመንግሥቱን መሪ ለመጣል ተነሥተው እንደ ነበረ፥ እንዳልተሳካላቸውም፥ በዓመቱ በግንቦት 1982 ዓ.ም. ደግሞ 12 ጄኔራሎች በሞት እንደ ተቀጡ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ኮርስ አንዱ በዚያ ነገር ውስጥ ገብቶ በአሥመራ ሞተ። ሌላው ደግሞ በዚያው ጊዜ ከመንግሥቱ ጎን ቆሞ የቀረ ነው፤ እርሱም ከብዙ ዓመት በኋላ በእስር ቤት ታምሞ ዐረፈ። ኮሎኔሉ በአሥመራ የሞተውን እንደ ወንድም ይወዱት ነበር።

«እነዚህን ሁለቱን በአንድ ወረቀት አታጽፉብኝ» አሉ። «የእርሱ ልጆች ይህን ወረቀት ያዩታል። ምን እንላቸዋለን?»

አጎታችን መልሰው «የዚያኛውስ ልጆች?» አሉ።

ከዚህ በኋላ የተነገረውን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሽማግሎች በተቈጡ ጊዜ የሚናገሩት ለጋዜጣ አይሆንም። ከቢሾፍቱ የመጡት መኮንን ግን አንድ የታሪክ ነገር አነሡ። ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ሁለቱም የሆለታ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም የክብር ዘበኛን ጦር በተከታታይ አዝዘዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥቱ ንዋይ ባስነሣው ሁከት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተይዘው ከነበሩትና ከተገደሉት አንዱ ሙሉጌታ ቡሊ ናቸው፤ መንግሥቱም በመጋቢት ወር ተሰቀለ። «የሆለታ ልጆች ስማቸውን ሲቈጥሩ ከሁለቱ የትኛውን ይተዉ?» ብለው ጠየቁ። ኮሎኔሉ «ሁለቱንም ይተዉ» ብለው መለሱ፤ ነገር ግን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

እኛም ጸሐፊ ብቻ ስለ ሆንን አፋችንን ልንይዝ ይገባን ነበር፤ ሆኖም ተጠይቀን ስለ ነበረ በመጽሐፍ ያነበብነውን ተናገርን። በአሜሪካ አገር ዌስት ፖይንት የተባለ የጦር ትምህርት ቤት አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ተዋጉ፤ በአንድ ክፍል ከተማሩት እርስ በርሳቸው የተታኰሱ ብዙ ናቸው። ጦርነቱ ባለቀ በአራተኛው ዓመት፥ በ1869፥ የምሩቃኑ ማኅበር ተመሠረተ፤ ከተመሠረተበትም ምክንያት አንዱ በሁለቱ ወገን የነበሩትን ባልንጀሮች እንደገና በአንድ ገበታ ማስቀመጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ የሞቱ ምሩቃን የወርቅ ቀለበት በቤተ ሰቦቻቸው ፈቃድ ይቀልጥና ለአዲሶቹ ምሩቃን ቀለበት ከሚሠራው ወርቅ ጋራ ይቀላቀላል። ከባሕር ማዶ የመጡት ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ኮሎኔሉ ግን «እኛ ቀለበት አልነበረንም፤ ብርድ ልብስ ነበረን» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ሣቁ ካበቃ በኋላም ክርክሩ እንደ ነበረ ሆኖ ቀጠለ።

በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት ከጓዳ ወጥተው ደብተሩን አመጡ። ከፊተኛው ገጽ ሳይሆን ከኋለኛው ገለጡት። «ልጆቼ ስለሚተኙበት ክፍል ሲጠይቁት የጻፈው ነው» አሉ። በገጹ ላይ የአንድ መኝታ ቤት ሥዕል ነበረ። በር፥ መስኮት፥ በግራና በቀኝ የተደረደሩ አልጋዎች ተሥለዋል። በየአልጋው ላይ ስም ተጽፏል፤ ማዕርግ የለም፤ ማንም ገና መቶ አለቃ አልሆነም ነበርና። ሻለቃው ከሥዕሉ በታች «የመጀመሪያው ሌሊት» ብለው ጽፈዋል።

በአሥመራ የሞተውና በእስር ቤት የሞተው አልጋቸው ጎን ለጎን ነበረ። ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ አልጋ የኮሎኔሉ የራሳቸው ነው።

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ማንም አልተናገረም። ቈይተው «ያ ሰውዬ ሌሊት ሌሊት ያንኰራፋ ነበር» አሉ፤ የትኛውን ማለታቸው እንደ ሆነ አልገለጡም። ወደ እኛም ዞረው «አንተ ልጅ፥ እንደዚህ በአልጋ ተራ ጻፈው። ማዕርግ አትጻፍ። ያን አምስተኛውን ዓምድ ደግሞ ደምስሰው» አሉን።

እንደ ታዘዝነው አደረግን። ምክንያት የሚለውን ዓምድ ትተን በአዲስ ወረቀት ላይ በአራት ዓምድ ጻፍን። ይህ በእኛ አሳብ ደኅና ፍርድ ነው። ስፍራውና ዓመቱ ለሚያውቅ ሰው ሁሉን ይናገራሉ፤ «አሥመራ፥ 1981» የሚለውን ያነበበ ልጅ አድጎ የቀረውን ራሱ ይጠይቃል። በችሎትም ቢሆን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፋሉ፤ ፍርዱ የሚመጣው በሌላ ገጽ ነው። ቀይ ቀለም ለርእሱ ብቻ አደረግነው፤ በርእሱም ላይ የትምህርት ቤቱን ስም እነርሱ በገቡበት ዘመን እንደሚጠራው ጻፍነው። በዚህ ማንም አልተከራከረም።

አንድ አልጋ ግን አስቸገረን። በመስኮቱ ሥር የተኛው ልጅ በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ጦር ግንባር ጠፍቶ የቀረ ነው። ሬሳውን ያየ የለም፤ ከምርኮኞችም ጋራ አልተመለሰም። አንዱ ሽማግሌ «ሞቷል፤ ይጻፍ» አሉ፤ ሌላው «ያላየሁትን አልጽፍም» አሉ። የሻለቃው ልጅ በሁሩታ መምህርት ናት፤ ከአባቷ ሞት በኋላ ደብተሩን የምትጠብቀው እርስዋ ናት። ወጣቲቱ ከአጠገባችን ተቀምጣ ስሞቹን ታነብልን ነበር። በዚህ ጊዜ «የዚህ ሰው እኅት በየፋሲካው ስልክ ይደውላሉ» አለች። «በፊት የሚያናግሩት አባዬን ነበር። ዘንድሮ እኔን አናገሩኝ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹ተጽፏል ወይ?› ይላሉ። አባዬ ‹ስሙ አለ፥ ሌላው አልተጻፈም› ይሏቸው ነበር። እኔም እንደዚያው አልኋቸው።»

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ስለዚህ ስሙንና የትውልድ አገሩን ጽፈን የቀሩትን ሁለት ዓምዶች ባዶ ተውናቸው።

ጽሕፈቱ ያለቀው ፀሐይ ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትጠልቅ ነው። ከውጭ የገለባ ሽታ ይመጣ ነበር፤ በሩቅም ከሜዳው የሚመለስ የኮምባይነር ድምፅ ይሰማ ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ወረቀቱን በአልጋ ላይ ዘርግተን ጠበቅን። ኮሎኔሉ በዚያ መካከል ገብተው በአሥመራ የሞተው ባልንጀራቸውን ስም በጣታቸው ሳይነኩት ከላይ ከላይ ሲከተሉት አየናቸው፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ስም አለፉና ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ወጡ።

የቤቱ እመቤት ወረቀቱን በነጠላ ጠቅልለው ለቢሾፍቱው መኮንን አስረከቡ፤ የሚመጣው ዓመት ተራ የእርሳቸው ነውና። ደብተሩ ግን ሁሩታ ቀረ። መምህርቲቱ በአዲስ ገጽ ላይ የዚያን ቀን የመጡትን ሰዎች ስም፥ የልጆቻቸውን ስልክና የደም ግፊታቸውን ልክ ስትጽፍ ትተናት መኪና ውስጥ ገባን። ኢተያ ስንደርስ አጎታችን ስልካቸውን አውጥተው «የእኔን ሁለተኛውን ቍጥር አልሰጠኋትም» ብለው ደወሉላት።